የማናውቀው እጅ ያለፈበት መሣሪያ፦ ያገለገለ ፕሌይስቴሽንን መርምሮ ማንበብ

እንደሚታወቀው በአገራችን ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ባለቤት እየተላለፈ ረጅም ዘመን ያገለግላል። በየመካከሉም የጠጋኝ እጅ ያርፍበታል። ጠጋኙ የሠራውን ሥራ በጽሑፍ አያኖርም፤ ዕቃውም ሲሸጥ የጥገናው ታሪክ አብሮት አይሸጥም። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ ሳያውቀው፣ የማያውቀውን ሰው ሥራ ጭምር ይገዛል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ያልታወቀ ሥራ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚሰጠው የኤሌክትሪክ ትምህርትና በጥቂት ርካሽ መሣሪያዎች እንዴት መለየት እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ እናሳያለን።

መሣሪያው ከየት መጣ?

የኮምቦልቻ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪያችን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ከሚገኘው ላቦራቶሪያችን ሲደርስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ግራጫ ሣጥን ይዞ ነበር። ሣጥኑ የሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 በጃፓን፣ በ1995 ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ነው። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ምርቱ እስኪቆም ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በእኛም ከተሞች ልጆች በጨዋታ ልክ እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው ጌም ቤቶች የቆሙት በእርሱና በተተኪዎቹ ነው።

ተማሪው መሣሪያውን የገዛው ጌም ቤቱን ዘግቶ ወደ ሌላ ሥራ ከዞረ ሰው ሲሆን፣ ክረምቱን በቀን ሥራ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎበታል። ሻጩ የነገረው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ መሣሪያውን ዘመድ ከጅዳ እንዳመጣውና «በ220 ይሠራል፣ አትፍራ» የሚለውን። ከሣጥኑ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ተማሪው በካቻቢቴ ፈትቶ ውስጡን ሲያይ ደግሞ የፋብሪካ የማይመስሉ ቀጫጭን ሽቦዎች አገኘ። ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነበር፤ «መምህር፣ ቤት ወስጄ ብሰካው ምን ይሆናል? እነዚህንስ ሽቦዎች ልቁረጣቸው?»

መልሳችን አጭር ነበር፤ «ገና አትሰካው፤ አንዱንም አትቁረጥ።» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዶክትሬት ትምህርታችንን በውጭ አገር በጀመርንበት ዓመት፣ ከእኛ በፊት የነበረ ተማሪ በአንድ የመለኪያ መሣሪያ ላይ የቀጠለውን ሽቦ «ትርፍ ነው» ብለን ቆርጠን፣ የሠራውን ስህተት ሳይሆን ያስወገደውን ስህተት መልሰን አምጥተን ነበር። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ከዚያ ያገኘነው ትምህርት የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዱ ለውጥ ለአንድ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። ስለሆነም «ይህ ሽቦ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጀመር፣ «ሽቦውን የቀጠለው ሰው ምን ቸግሮት ነበር?» ብሎ መጀመር ይበልጣል።

አንደኛ ምርመራ፦ ኤሌክትሪክ ሳይሰጥ

የመጀመሪያው ምርመራ በዓይን፣ በአፍንጫና በባትሪ መብራት የሚደረግ ነው። የፋብሪካ ብየዳ መጠኑ እኩል፣ ገጹም ንጹሕ ነው። የእጅ ብየዳ ግን አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሆናል፤ በዙሪያውም ብዙ ጊዜ ቡናማ ቅሪት ይታያል። ጭንቅላቱ የተፋቀ ብሎን፣ ከሌሎቹ ጋር በቀለም የማይመሳሰል ሽቦ፣ ገጹ በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ ቺፕ፣ ሁሉም ምስክር ናቸው። ተማሪው የሚያየውን ሁሉ፣ ትርጉም ሳይሰጠው፣ በወረቀት ላይ እንዲስል አደረግን። ዝርዝሩ ይህን ይመስል ነበር።

ሀ) ሞዴሉ ኤስ.ሲ.ፒ.ኤች-7001 ነው። በዚህ መሣሪያ ቁጥሮች የመጨረሻው አኀዝ አካባቢውን ይገልጻል፤ 0 ጃፓን፣ 1 ሰሜን አሜሪካ፣ 2 አውሮፓ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው።

ለ) የኃይል ቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 400 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው።

ሐ) ፊውዙ በነበረበት ቦታ አንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተበይዷል።

መ) በዋናው ቦርድ ላይ ስምንት እግር ያለው፣ ገጹ የተፋቀ ቺፕ በአምስት ሽቦ ተያይዟል።

ሠ) ከቪዲዮው ክፍል አጠገብ 4.433 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ክሪስታል ተጨምሯል።

የመጀመሪያው ችግር፦ 220 ቮልት

ከለ እንጀምር። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ይህ ቁጥር የተለዋዋጭ ቮልቴጁ ውጤታዊ መጠን እንጂ ጫፉ አይደለም። ጫፉን ለማግኘት በ1.414 እናባዛለን፤ 220 × 1.414 = 311 ቮልት። በፕሌይስቴሽን ዓይነቱ የኃይል ቦርድ ውስጥ የገባው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ተለውጦ ካፓሲተሩን የሚሞላው እስከዚህ ጫፍ ድረስ ነው። በአሜሪካ 120 ቮልት ጫፉ 170 ቮልት ስለሆነ፣ 200 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ይበቃል። ያንኑ ካፓሲተር በ220 ብንሰካው ከአቅሙ በላይ 111 ቮልት ይጫንበታል፤ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳልም።

ከዓረብ አገር የሚመጡ ዕቃዎች በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ዘመን በቤቶች 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ትጠቀም ስለነበር፣ የአሜሪካ ዕቃ ጅዳ ላይ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። ያው ዕቃ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ያጋጥመዋል።

በእኛ መሣሪያ ላይ የተገኘው ካፓሲተር 400 ቮልት የሚችል ነው። ቦርዱን ገልብጠን ስናይ ከ220 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ አገኘን። እንግዲህ አንድ ጠጋኝ የአሜሪካውን የኃይል ቦርድ አውጥቶ የአውሮፓ መሣሪያ ቦርድ ተክቶበታል ማለት ነው። ሻጩ እውነቱን ነበር፤ የተሳሳተው ከሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ስፒናው ብቻ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ግን ካፓሲተሩ 200 ቮልት ሆኖ እናገኘው ነበር፤ የሻጩ ቃልም ልጆቹን ለአደጋ ይጥላቸው ነበር።

አሁን ወደ ሐ እንሂድ። 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ለመቅለጥ 7 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ይህ በ220 ቮልት ከ1500 ዋት በላይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚስበው ኃይል ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። ጤነኛ ፕሌይስቴሽን የሚስበው ግን ከ20 ዋት ያነሰ ነው። በመካከሉ ያለው ሰፊ ርቀት እሳት የሚነሣበት ቦታ ነው፤ መሣሪያው ውስጡ እየተቃጠለ ሽቦው ግን ላይቀልጥ ይችላል። ጠጋኙን የቸገረው ምን እንደነበር ግልጽ ነው፤ ፊውዙ ተቃጠለ፣ መተኪያ አልነበረውም፣ ደንበኛው ቆሟል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ሊቀመጥ የማይገባው መልስ ነው። ከአራቱ ለውጦች ወዲያውኑ የነቀልነው ይህን ብቻ ሲሆን፣ በቦርዱ ላይ የታተመውን የአምፔር ቁጥር አንብበን ትክክለኛውን ፊውዝ ተካን።

የአምፖሉ ፈተናና ወሰኑ

ጠጋኞች ያልታወቀ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩ ባለ ክር አምፖል በተከታታይ ያያይዛሉ። ይህ ጥሩ ልማድ ነው። የ60 ዋት አምፖል ሲግል ሬዚስታንሱ 220 × 220 ÷ 60 = 807 ኦም ያህል ስለሆነ፣ በመሣሪያው ውስጥ ሾርት ቢኖር እንኳ ከ0.27 አምፔር በላይ አያሳልፍም። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሾርት አለ ማለት ነው።

ነገር ግን አንባብያን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንፈልጋለን። አምፖሉ ያልጋለ ጊዜ የክሩ ሬዚስታንስ ከአሥር እጅ በላይ ያንሳል። መሣሪያው 12 ዋት ብቻ ቢስብ፣ የሚያልፈው 0.055 አምፔር ያህል ነው፤ አምፖሉ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ጥቂት ቮልት ብቻ ይሆናል። የቀረው ሁሉ ወደ መሣሪያው ይገባል። ስለዚህ አምፖሉ ከሾርት ይጠብቃል እንጂ ከተሳሳተ ቮልቴጅ አይጠብቅም። የ120 ቮልት መሣሪያን «በአምፖል ሞክሬዋለሁ» ብሎ በ220 መሰካት ራስን ማታለል ነው። ካፓሲተሩን አስቀድመን ያነበብነው ስለዚህ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። 100 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ311 ቮልት ሲሞላ ወደ 4.8 ጁል ይይዛል፤ ይህም እጅን የሚመታ ነው። ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ብናገናኝበት የጊዜ ቋሚው 1 ሴኮንድ ይሆናል፤ በ5 ሴኮንድም ቮልቴጁ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላም በመልቲሜትር ሳይለኩ መንካት አይገባም። ተማሪዎች ይህን ሥራ ያለ መምህር ወይም ያለ ባለሙያ ብቻቸውን እንዳይሞክሩት አደራ እንላለን።

ሁለተኛው ችግር፦ ያልተፈቀደለት ዲስክ

የተፋቀው ቺፕ ምን እንደሆነ ስሙ አይነግረንም፤ እግሮቹ ግን ይነግሩናል። ኃይል በሌለበት መልቲሜትሩን በሬዚስታንስ ላይ አድርገን፣ የትኛው እግር ከመሬት፣ የትኛውስ ከኃይል መስመር ጋር እንደሚገናኝ ፈለግን። ኃይሉ በ1ኛው፣ መሬቱ በ8ኛው እግር ሆኖ ተገኘ። ስምንት እግር ካላቸው የታወቁ ቺፖች መካከል 555 የሚባለው ሰዓት ቆጣሪ መሬቱ በ1፣ ኃይሉ በ8 ነው። የአትመል ኩባንያ ትናንሽ ማይክሮኮንትሮለሮች መሬታቸው በ4፣ ኃይላቸው በ8 ነው። ኃይል በ1፣ መሬት በ8 የሚሆነው የማይክሮቺፕ ኩባንያ ፒክ በተባሉት ማይክሮኮንትሮለሮች ነው። እንግዲህ ይህ ቺፕ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ሌሎቹ ሽቦዎችም የሚሄዱት ወደ ዲስክ ማንበቢያው ክፍል ነው። ችግሩ የዲስክ ችግር መሆኑን መገመት ይቻላል።

የፕሌይስቴሽን ዲስክ ከመረጃው ሌላ ምልክት አለው። በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለው የመስመር ጎዳና ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በጥቃቅን መጠን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዋዥቃል። በዚህ መዋዠቅ ውስጥ አራት የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ኤስ፣ ሲ እና ኢ ናቸው፤ አራተኛዋ ኤ ስትሆን አሜሪካን፣ ኢ ስትሆን አውሮፓን፣ አይ ስትሆን ጃፓንን ታመለክታለች። መሣሪያው የራሱን አካባቢ ፊደል ካላገኘ ዲስኩን አይቀበልም። በቤት ኮምፒውተር የሚቀዳ ዲስክ ደግሞ የራሱ የሆነ መዋዠቅ ከፋብሪካው ስላለው ይህን ምልክት ሊይዝ አይችልም። በመሆኑም የአሜሪካ መሣሪያ የአውሮፓን ዲስክም ሆነ የተቀዳን ዲስክ ይመልሳል። ቺፑ እንዲህ ያለውን ምልክት በሽቦ እየላከ መሣሪያውን «አይቻለሁ» የሚያሰኝ ከሆነ፣ ይህን መፈተን ይቻላል።

ምልክቱ የሚላከው በሴኮንድ 250 ቢት ነው፤ አንድ ቢት 4 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። እያንዳንዱ ፊደል አንድ መጀመሪያ ቢት፣ ስምንት የመረጃ ቢትና ሁለት መዝጊያ ቢት፣ በድምሩ 11 ቢት አለው፤ አራቱ ፊደላት 44 ቢት፣ ማለትም 176 ሚሊሴኮንድ ይሆናሉ። ይህ ፍጥነት ለድምፅ እንኳ ዝግ ያለ ስለሆነ ውድ ኦሲሎስኮፕ አያስፈልገውም፤ የኮምፒውተር የድምፅ መቀበያ ይበቃል። በሴኮንድ 44100 ናሙና የሚወስድ የድምፅ ካርድ ለእያንዳንዱ ቢት 176 ናሙና ይሰጠናል።

ቮልቴጁ 3.5 ገደማ ስለሆነና ለድምፅ ካርድ ስለሚበዛ፣ በ100 ኪሎ ኦምና በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ወደ 0.3 ቮልት ገደማ አወረድነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለን በባትሪው አሠራነው፤ የኃይል ቦርዱንም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ሸፈንነው። አንዳንድ ቺፖች ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ዝም ስለሚሉ፣ ቀረጻውን የጀመርነው መሣሪያው ከመብራቱ በፊት ነው። የዲስኩ ማንበቢያ ጨረር 780 ናኖሜትር የሆነ፣ ዓይን የማያየው ጨረር ስለሆነ፣ ክዳኑ ክፍት ሳለ ማንም ወደ ሌንሱ እንዳያይ ከለከልን።

በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የተራራና የሸለቆ መሳይ መስመር ታየ። ተማሪው በወረቀት ላይ ቢት በቢት፣ ከትንሹ ቢት ጀምሮ ጻፈው። የመጨረሻዋ ፊደል በመጀመሪያው ዙር 01000001፣ ማለትም 65 ሆነች፤ ይህ ኤ ነው። በሁለተኛው ዙር 01000101፣ ማለትም 69 ሆነች፤ ይህ ኢ ነው። በሦስተኛው 01001001፣ ማለትም 73 ሆነች፤ ይህ አይ ነው። ቺፑ ሦስቱንም አካባቢዎች በተራ ይጠራል። አሜሪካንና አውሮፓን የሚለየው አንድ ቢት ብቻ መሆኑን ተማሪው ሲያይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ቺፑ ከሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዲስክን እንደሚያስነብብ ሁሉ በሕገ ወጥ መንገድ የተቀዳንም ያስነብባል። ስለሆነም የአገሮች ፍርድ ቤቶች ተለያይተውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ቺፑን የሚሸጠውን ሰው ሲያስጠይቀው፣ በ2005 የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጊዜው በነበረው ሕግ አያስጠይቅም ብሏል። በአገራችን የፈጠራ ሥራ ባለቤቶችን መብት የሚጠብቀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አንድን ለውጥ መለየትና ለውጡን ለማንኛውም ነገር መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ችግር፦ ቀለም የሌለው ሥዕል

የመጨረሻው ሠ ነው። ክሪስታሉ ለምን ተጨመረ? መልሱ ከቺፑ ይመጣል። ኢትዮጵያ ለቀለም ቴሌቪዥን የመረጠችው ስልት እንደ ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ፓል የተባለው ነው፤ የአሜሪካው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ይባላል። በፓል የቀለሙ ተሸካሚ ሞገድ 4.433619 ሜጋኸርዝ ሲሆን በኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. 3.579545 ነው። የአሜሪካ ፕሌይስቴሽን ሰዓት 53.693175 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለ15 ሲካፈል በትክክል የአሜሪካን የቀለም ሞገድ ይሰጣል። የአውሮፓው ሰዓት 53.203425 ሲሆን፣ ለ12 ሲካፈል የፓልን ይሰጣል።

ቺፑ ከተተከለ በኋላ የአሜሪካው መሣሪያ የአውሮፓን ዲስክ ማንበብ ቻለ። ዲስኩም መሣሪያውን «በፓል ሥራ» አለው። ሰዓቱ ግን የአሜሪካ ነው፤ ለ12 ሲካፈል 4.474431 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ከሚፈለገው ወደ 41 ኪሎኸርዝ ይርቃል። የቴሌቪዥን የቀለም ክፍል ሊከተለው የሚችለው ስህተት ጥቂት መቶ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ጠጋኙ ትክክለኛውን ሞገድ የሚሰጥ ክሪስታል ጨምሮ ቀለሙን መለሰው። እነሆ አንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ ወለደ፤ ለሁለተኛው ጥያቄም ሁለተኛ መልስ ተሰጠ። ተማሪው እንዳሰበው ያንን ሽቦ ቆርጦት ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ይጠፋ ነበር፤ ጥፋቱንም በቴሌቪዥኑ ላይ ያሳብብ ነበር።

ማጠቃለያ

በአራቱ ለውጦች ውስጥ የመሣሪያው ጉዞ በሙሉ ተጽፏል። ለአሜሪካ ተሠራ፤ በጅዳ 127 ቮልት ላይ ሠራ፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ 220 ቮልት፣ የአውሮፓ ዲስክና የፓል ቴሌቪዥን ጠበቁት። ስሙን የማናውቀው ጠጋኝ ሦስቱንም ችግሮች በብልሃት ፈታ፤ አንዱን፣ የፊውዙን፣ በአደገኛ መንገድ አለፈው። ሥራውን የሚመሰክር አንድ ወረቀት ቢተው ኖሮ ይህ ሁሉ ምርመራ የአንድ ደቂቃ ንባብ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ተማሪያችን መሣሪያውን ከመዝጋቱ በፊት አንድ የመጨረሻ ሥራ ሰጠነው። የኃይል ቦርዱ እንደተለወጠ፣ ፊውዙ የስንት አምፔር እንደሆነ፣ የአምስቱን ሽቦዎች መድረሻና የክሪስታሉን ዓላማ በአንዲት ትንሽ ወረቀት ጽፎ ከነቀኑ በክዳኑ ውስጥ ለጠፈ። ከሣጥኑ ሥር ባለው 120 ቮልት በሚለው ጽሑፍ አጠገብም «ወደ 220 ተለውጧል» ብሎ ጻፈ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን በፌስታሉ ጠቅልሎ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

ለአንባብያን የቀረቡ መልመጃዎች

1. በ127 ቮልት የተሰካ መሣሪያ ካፓሲተር እስከ ስንት ቮልት ይሞላል? 200 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ይበቃዋልን?

2. የአውሮፓ መሣሪያ ሰዓት ለ15 ቢካፈል የሚገኘው ሞገድ ከአሜሪካው የቀለም ሞገድ በስንት ኪሎኸርዝ ይለያል? ሥዕሉስ ቀለም ይኖረዋልን?

3. ከ65 እስከ 73 ባሉት የሦስቱ አካባቢዎች ቁጥሮች መካከል፣ እርስ በርሳቸው በሁለት ቢት የሚለያዩት የትኞቹ ናቸው?

4. በቤታችሁ ካለ አንድ ያገለገለ ዕቃ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ፣ ዕቃውን ሳትፈቱ አንብቡ። የተሠራለት ቮልቴጅ ስንት ነው? ስፒናው የተቀየረ ይመስላልን? ከሆነ፣ የቀየረው ሰው ምን ቸግሮት ነበር?